በጭስ በደረቀ ዓሣ ውስጥ ላለ ውሃ እየከፈልን ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዓሣ ሀብታችን በጋዜጣም በሬዲዮም ብዙ ይባላል። የሚባለው ግን በአብዛኛው ስለ መረብ፣ ስለ ጀልባና ስለ በረዶ እጥረት ነው። መብራትና በረዶ በማይደርስበት ዳርቻ የሚሰገር ዓሣ ገበያ የሚያየው በፀሐይ ደርቆ ወይም በጭስ ታጥኖ ነው። ይህ ዓሣ ደርቆ፣ ተቆጥሮ፣ በጆንያ ታስሮ መጋዘን ከገባ በኋላ ሲባክን ግን ብዙም አይጻፍም። እኛ ዓሣ በጭስ የማድረቅና የማከማቸት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። የምንለው ይህን ነው፦ በጭስ የደረቀ ዓሣ መጋዘን ውስጥ የሚበላሸው በደንብ ሳይደርቅ ስለሚገባ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የሚገባው ደግሞ ገዢው በኪሎ እየመዘነ ለውሃውም እኩል ስለሚከፍል ነው።

በሒሳብ እንየው። ተዘንጥሎ፣ አንጀቱ ወጥቶ የታጠበ 10 ኪሎ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ምድጃ ላይ ቢወጣ ከክብደቱ 78 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ደረቁ ነገር 2 ኪሎ ከ200 ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ ዓሣ እርጥበቱ 15 በመቶ እስኪሆን ከደረቀ 2 ኪሎ ከ600 ግራም ገደማ ይመዝናል። 25 በመቶ ላይ ቢወርድ 2 ኪሎ ከ900 ይሆናል። 40 በመቶ ላይ፣ ማለትም ቆዳው ቡናማ ሆኖ መልኩ አምሮ መሐሉ ግን እንደረጠበ ቢወርድ፣ 3 ኪሎ ከ650 ይደርሳል። የኪሎው ዋጋ ለሁሉም አንድ ከሆነ፣ ጠንቅቆ ያደረቀው ሰው ከያንዳንዱ 10 ኪሎ ላይ ከአንድ ኪሎ በላይ ገንዘብ ያጣል፤ የፈጀውን ማገዶና ያደረውን ሌሊት ሳንቆጥር። እንዲህ እየተከፈለው አድርቅ ብሎ መምከር ብቻውን ምን ያመጣል?

ቁጥሮቹን ያለ ምክንያት አላነሳናቸውም። ጨው ያልበዛበት ዓሣ እርጥበቱ ከ25 በመቶ በታች ሲወርድ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች መራባት ያቆማሉ። ሻጋታ ግን ከእነሱ ባነሰ ውሃ ይኖራል፤ እሱን ለማቆም 15 በመቶና ከዚያ በታች መድረስ ያስፈልጋል። እዚህ የደረሰና በአግባቡ የተያዘ ዓሣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይቆያል። ለስልሶ የወጣው፣ ገና ከግማሽ በላይ ውሃ ያለበት ዓሣ ግን ያለ ማቀዝቀዣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ነው ዕድሜው። ሁለቱም በገበያ ላይ ስማቸው አንድ ነው፤ አንድ ጆንያ ውስጥ ተቀላቅለው ሲገቡ ደግሞ ደረቁ ከእርጥቡ ውሃ ይስብና ሁለቱም አብረው ይበላሻሉ።

ብዙ ሰው ዓሣውን የሚያቆየው ጭሱ ነው ብሎ ያምናል። ጭስ የራሱ ሥራ አለው፦ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች በዓሣው ገጽ ላይ ባክቴሪያንና ሻጋታን ያዳክማሉ፣ ቅባቱም ቶሎ የቆየ ዘይት እንዳይሸት ያዘገያሉ። ነገር ግን ጭስ ከላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከጀርባው ወፍራም ሥጋ መሐል አይደርስም። መሐሉን የሚጠብቀው ድርቀት ነው። ስለዚህ ጥቁር ቡናማ ቀለም የድርቀት ማስረጃ አይደለም። እርጥብ እንጨት ወይም ሙጫ ያለው ጥድ ቢማግዱ በሁለት ሰዓት ያንን ቀለም ማምጣት ይቻላል፤ ዓሣው ግን ምሬትና ጥላሸት እንጂ ድርቀት አያገኝም። እንደ ወይራና ግራር ያለ ጠንካራ፣ በደንብ የደረቀ እንጨት ይሻላል። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ፕላስቲክና ላስቲክ ለማቀጣጠያ እንኳ መግባት የለባቸውም።

አደራረቁ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የመጋዘኑ ችግር የሚጀምረው እዚህ ነውና። ከግማሽ ኪሎ በላይ የሆነ ዓሣ በጀርባው ተዘንጥሎ እንደ መጽሐፍ መከፈት አለበት፤ አምባዛ ከሆነ ውፍረቱ ከ3 ሳንቲሜትር ሳይበልጥ መቆራረጥ አለበት። ስንጥቡ ይውጣ፣ በአከርካሪው ስር የተጋደመው ጥቁር ደም በጥፍር ወይም በብሩሽ ተፍቆ ይታጠብ፤ ሽታውም ትሉም መጀመሪያ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 270 ግራም ጨው በጥብጦ፣ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ሊትር አድርጎ፣ እንደ ውፍረቱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መንከር ነው። ያ የጨው ውሃ ደም ስለገባበት ለሚቀጥለው ዓሣ አያገለግልም። ከተነከረ በኋላ ውሃው እስኪንጠፈጠፍና ገጹ ደረቅ እስኪል በወንፊት ላይ በጥላ ይቆይ።

እሳቱ ላይ ትልቁ ስህተት ችኮላ ነው። ዓሣው ገና እንደወጣ ኃይለኛ እሳት ካገኘው ገጹ ቶሎ ይደርቅና ጠንካራ ልባስ ይሠራል፤ የውስጡ ውሃ መውጫ ያጣል። ይህ ዓሣ ሲነካ ድንጋይ ነው፣ ሲያንኳኩት ይጮኻል፣ ከሳምንት በኋላ ግን የመሐሉ ውሃ ወደ ገጹ ይደርስና ጆንያው ውስጥ ይሻግታል። የሚበጀው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ በሆነ ለስላሳ ሙቀት አንድ ሰዓት ያህል ማድረቅ፣ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጎ የወፍራሙ ሥጋ መሐል 80 ዲግሪ ደርሶ ለግማሽ ሰዓት እንዲበስል ማድረግ፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሶ በ50 ዲግሪ አካባቢ ረዥም ጊዜ ማቆየት ነው። ይህ የመጨረሻው ማድረቂያ እንደ ውፍረቱ ከ10 እስከ 18 ሰዓት፣ ለወፍራም አምባዛ ከዚያም በላይ ይፈጃል። በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አያስፈልግም። እንዲያውም ማታ ላይ ዓሣውን አውርዶ፣ ደራርቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ማሳደር ጥሩ ነው፤ ሌሊቱን የመሐሉ ውሃ ወደ ገጹ ይወጣል፣ በማግስቱ ለመድረቅም ይቀለዋል።

መድረሱን ማወቂያው ሚዛን ነው። አንዱ ወንፊት ላይ ምልክት ይደረግ፣ ባዶው ይመዘን፣ ከዚያ ዓሣው ሲወጣና ሲወርድ ይመዘን። ቆሮሶ ከሆነ የተዘነጠለው ዓሣ ክብደት ከሩቡ ትንሽ ከፍ እስኪል ይጠበቃል፤ ለ10 ኪሎ ከላይ ያልነው 2 ኪሎ ከ600 ማለት ነው። ጨው ከገባበት ትንሽ ከፍ ይላል። አምባዛ ቅባቱ ስለሚንጠባጠብ በሚዛን ብቻ አይታመንም፤ ቢላ ያስፈልጋል። በጣም ወፍራሙን ዓሣ መርጦ ከጭንቅላቱ ኋላ ጀርባውን እስከ አከርካሪው መቁረጥ ነው። የተቆረጠው ሥጋ ከዳር እስከ መሐል ቀለሙ አንድ ዓይነት ከሆነና አውራ ጣት ሲጫነው ካልሰረጎደ ደርሷል። አጥንቱ ጥግ ሐመር፣ ለስላሳና የሚያበራ ነገር ከታየ ወደ ምድጃው ይመለስ። ሚዛን የሌለው ገዢ ሌላም መንገድ አለው፦ ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ የተቆራረጠ ዓሣና አንድ ማንኪያ ደረቅ ደቃቅ ጨው አድርጎ መክደን፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ማናወጥ። ጨው በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት 75 በመቶ ሲያልፍ ውሃ ይስባል፤ ስለዚህ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ዓሣው በእርግጥ እርጥብ ነው። ይህ ጨው ላልበዛበት ዓሣ ብቻ ነው የሚሠራው፤ አለመጣበቁ ደግሞ ሙሉ ማረጋገጫ አይሆንም፣ ቢላውን አይተካም።

ዓሣው ከምድጃ ወርዶ ትኩስ እያለ መታሸግ የለበትም። ሙቀቱ በላስቲኩ ወይም በካርቶኑ ውስጥ ላብ ሆኖ ይወርድና የደረቀውን መልሶ ያረጥበዋል። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። እስከዚያ ዝንብ እንዳይነካው በወንፊት ጨርቅ ይሸፈን፤ ለወባ የሚታደለው አጎበር ግን በፀረ ትንኝ ኬሚካል የተነከረ ስለሆነ በምንም መንገድ ምግብ ላይ አይሁን። በየሐይቁ ዳርቻ ይህን ደጋግመን እናያለን፤ ሊቆም የሚገባው ነገር ነው።

አስተሻሸጉን በተመለከተ ጠባዩን ማወቅ ነው። በደንብ የደረቀ ዓሣ ይሰበራል፤ ስለዚህ መጠኑ ከመጠኑ ጋር ተለይቶ፣ በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በካርቶን ወይም ጠንካራ ጠርዝ ባለው ቅርጫት ይደርደር። የታተመ ጋዜጣ ለዚህ አይሆንም፤ ቀለሙ ወደ ዓሣው ቅባት ይገባል። ዩሪያ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦም ቢሆን አይጠቅምም። ጆንያ ይተነፍሳል፣ ነገር ግን ጥንዚዛ በቀላሉ ያልፈዋል። ለእህል የሚያገለግለው አየር የማያስገባ ድርብርብ ከረጢት ለዓሣም ይጠቅማል፦ ተሸሽጎ የገባ ነፍሳት ካለ ኦክስጅኑን ራሱ ይጨርስና ይታፈናል። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። የዓሣው ክንፍና የጎን አጥንት ላስቲኩን ስለሚበሳ ክንፉ አስቀድሞ ይቆረጥ፣ መሐል ላይ ወረቀት ይግባ። እርጥበቱ 15 በመቶ ያልደረሰ ዓሣ ደግሞ ፈጽሞ አይግባበት።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ የምናጠብቀው በምክንያት ነው። አየር የሌለበት እሽግና እርጥብ ዓሣ ሲገናኙ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣውን መርዝ የሚሠራው ባክቴሪያ ይመቸዋል። መርዙ ሽታም ላይኖረው ይችላል። በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከታላላቅ ሐይቆች የተሰገረ፣ በጭስ የታጠነና አየሩ ተመጥጦ በላስቲክ የታሸገ ዓሣ ያለ ማቀዝቀዣ ተጓጉዞ ሰው ገድሏል። ዛሬ በከተማ ሱቆች በቀጭን ላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ለስላሳ የታጠነ ዓሣም የዚያው ዓይነት ነው፦ ከ3 ዲግሪ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ይቀመጥ፣ መብራት ለረዥም ሰዓት ከጠፋበት ይጣል። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ ግን በማቀዝቀዣም ውስጥ ስለሚያድግ ነፍሰ ጡር ሴት ሳታበስለው አትብላው።

አሁን ወደ ጥንዚዛው እንምጣ፤ ደረቅ ዓሣን ከማንም በላይ የሚጨርሰው እሱ ነው። እርጥብ ዓሣን የሚያጠቃው ዝንብና ትሉ ነው፣ ሲደርቅ ዝንቡ ይተወዋል፣ ጥንዚዛው ይረከበዋል። ሁለት ዓይነት በብዛት ይታያሉ። አንዱ ጥቁር ቡናማ፣ ከሆዱ በኩል ነጭ ጸጉር ያለው፣ ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲሜትር የማይበልጥ ነው። እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል፣ ጸጉራም ሲሆን ሥጋውን ከውስጥ እየቦረቦረ ይበላል። ሌላው አነስ ያለ፣ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ እግሩ ቀይ የሆነ ነው። ዓሣው ከላይ ሙሉ ይመስላል፤ አንስተው ሲያራግፉት ከስንጥቡ ቦታና ከሆዱ ስንጥቅ ደቃቅ ብናኝ ይረግፋል፣ የተጣለ የእጭ ቆዳም አብሮ ይወርዳል። ያኔ ዓሣው ቆዳና አጥንት ቀርቷል።

የጥንዚዛውን ጠባይ ያወቀ መቼ መፈተሽ እንዳለበት ያውቃል። በ30 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ ራሱ እንቁላል የሚጥል ጥንዚዛ እስኪሆን አምስት ስድስት ሳምንት ይበቃዋል። እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ ይህ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ አለ ማለት ይቻላል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም፤ በየሁለት ሳምንቱ ከየረድፉ አንድ እሽግ ተከፍቶ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ተራግፎ ይታይ። ብናኝ ወይም እጭ ከተገኘ ያ ረድፍ በሙሉ ከመጋዘኑ ወጥቶ ወደ ምድጃ ይመለስ። የዓሣው መሐል 60 ዲግሪ ደርሶ ለአንድ ሰዓት ከቆየ ጥንዚዛውም እጩም እንቁላሉም ይሞታል። በጋና የአክራ ሰፈር በሆነችው በቾርኮር ስም የሚጠራው ምድጃ እዚህ ላይ ብልህ ነው፦ ወንፊቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚደራረቡ፣ ከላይ ተከድኖ ዓሣው እዚያው ይቀመጣል፣ በየጊዜው ከሥር ለስለስ ያለ እሳት እየተደረገለት እንደገና ይሞቃል። ማከማቻውና ማድረቂያው አንድ ቦታ መሆኑ የእኛም አድራቂዎች ሊወስዱት የሚገባ ነው።

ዓሣውን ብቻ አሙቆ ወደነበረበት ጆንያ መመለስ ግን ከንቱ ድካም ነው። እጩ ወደ ጥንዚዛነት ከመለወጡ በፊት ዓሣውን ትቶ መደበቂያ ይፈልጋል፤ ካርቶን፣ ጆንያ፣ የርብራብ እንጨት፣ የግድግዳ ስንጥቅ ይበሳና ይገባል። ዓሣው በሚሞቅበት ቀን መጋዘኑ ይጠረግ፣ ጥራጊው ይቃጠል፣ ስንጥቁ በሲሚንቶ ይደፈን፣ ርብራቡ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል፣ አሮጌው ጆንያ ይወገድ። ጨውም ያግዛል፤ ከዓሣው ደረቅ ክብደት 10 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ጥንዚዛው ይቸገራል። ማላታይን፣ ዲዲቲ ወይም ለእህል ነቀዝ የሚሸጥ ሌላ መርዝ ዓሣ ላይ መርጨት ግን ገዢውን መመረዝ ነው፤ ታጥቦ አይለቅም፣ በቅባቱ ውስጥ ይቀራል። የነቀዝ ክኒን የሚባለውማ ጋዙ ሰው በሚተኛበት ቤት አጠገብ ቤተሰብ ይፈጃል።

መጋዘኑ ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ከወለሉ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ርብራብ፣ ከግድግዳው 30 ሳንቲሜትር መራቅ፣ ደቃቅ ሽቦ የተወጠረበት መስኮት፣ የማያፈስ ጣሪያ፣ በየእሽጉ ላይ የደረቀበት ቀን፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ መውጣት። ጥንቃቄ የሚሻው ክረምቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጣና ዳር አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ከ70 በመቶ በላይ በሆነ እርጥበት ደረቅ ዓሣ ውሃ ይስባል፣ ጨው ያለበት ደግሞ 75 በመቶ ሲያልፍ ማላብ ይጀምራል። መስኮት ቀኑን ሙሉ መክፈት ያኔ ጉዳት ነው፤ ጠዋትና ዝናብ ሲዘንብ ይዘጋ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይከፈት። የአንድ ናሙና እሽግ ክብደት በየሳምንቱ ይመዘን፤ ከገባበት ክብደት በኪሎ 50 ግራም ከጨመረ እርጥበቱ ከ15 ወደ 19 በመቶ ወጥቷል ማለት ነው፣ ሻጋታ ሳይታይ ወደ ምድጃ ይመለስ። የሻገተውን በጨርቅ ጠርጎ መሸጥ አይገባም፤ አንዳንዱ ሻጋታ የሚሠራው መርዝ በማብሰል አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋጋው። በጾም ዓሣ የሚመገበው ገዢ ብዙ ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ ገበያው የሚሞቀው ማድረቅ በሚከብድበት በክረምቱ መሐል ነው። ያኔ የሚሸጠው በበጋ ደርቆ የተከማቸው ነው፤ ወይም በችኮላ ለሁለት ሰዓት የታጠነው። ነጋዴውና ማኅበራቱ ሁለቱን በአንድ ዋጋ መግዛት ማቆም አለባቸው። ከየጆንያው ሁለት ወፍራም ዓሣ መርጦ በቢላ ማየት፣ በሦስት ደረጃ መክፈል፣ ዋጋውንም በደረቁ ነገር ልክ ማስላት ይቻላል። ባለ 15 በመቶው ኪሎ 100 ብር ቢከፈልበት፣ ባለ 25 በመቶው 88 ብር፣ ባለ 40 በመቶው 71 ብር ነው የሚያወጣው። ይህ እኩል ሥጋ በእኩል ገንዘብ ማለት ነው እንጂ ማንንም መቅጣት አይደለም። ለመጋዘን በሚገዛ ዓሣ ላይ ደግሞ ባለ 40 በመቶውን ከነጭራሹ አለመቀበል ይሻላል፤ ቶሎ ለሚሸጥ ብቻ ይሁን። የወረዳ የዓሣ ባለሙያዎች ለማኅበራቱ ሚዛንና ቴርሞሜትር ቢያቀርቡና ይህን የዋጋ ስሌት በመግዣው ቦታ ቢለጥፉ ገዢና ሻጭ የሚከራከሩበት ነገር ይቀንሳል። ለፍልሰታ የሚገዙ ነጋዴዎች የደረጃውን ዋጋ ከመጋቢት በፊት ለአድራቂዎቹ ያሳውቁ፤ የበጋው ፀሐይና ደረቅ ማገዶ እያለ እስከ 15 በመቶ አድርቀው ለማስቀመጥ ጊዜ ይኖራቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ዓሣ በጭስ የማድረቅና የማከማቸት ሥራ ላይ ያለን፣
ባሕር ዳር